ሦስተኛው መኪና «ኦልሶ» ቀረ፦ በድንበር ከተማ ለሚሠሩ ሰዎች ስለ እንግሊዝኛ ማያያዣ ቃላት

አንድ ትራንዚተር ወዳጄ መተማ ዮሐንስ ላይ ቆሞ በስልክ ሪፖርት ያደርጋል። አዲስ አበባ ያለችው አለቃው የውጭ አገር ሰው ናት። በእጁ ሦስት የጭነት መኪኖች ነበሩ፤ ሁለቱ ወደ ሱዳኗ ጋላባት ተሻግረዋል፣ አንዱ በወረቀት ጉድለት ቆሟል። በልቡ ያለው አማርኛ ጥርት ያለ ነው፦ «ሁለቱ አለፉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀረ።» ከአፉ የወጣው ግን «ቱ ትራክስ ክሮስድ፣ ዘ ሰርድ ዋን ኦልሶ ስቴይድ» የሚል ሆነ። ሴትየዋ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ «ለመሆኑ የቀሩት ስንት ናቸው?» ስትል ጠየቀችው። «አንድ።» «ታዲያ ‹ኦልሶ› ያልከው ሌላኛው የቱ ነው?» ነገሩ እስኪጣራ የስልኩ ሂሳብ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ወዳጄ ቃላቱን ያውቃል፤ ግሱንም በትክክል አርብቶታል። ያሳሳተው ማያያዣው ብቻ ነው። ማያያዣ የምንላቸው «ግን፣ ስለዚህ፣ ምክንያቱም፣ ከዚያ፣ ደግሞ» የመሳሰሉትን፣ አንዱን ሐሳብ ከሌላው የሚያስሩ ትንንሽ ቃላትን ነው።

መተማ ላይ እንግሊዝኛ የገበያ ቋንቋ አይደለም። ገበያው በአማርኛና በሱዳን ዐረብኛ ይግባባል። እንግሊዝኛ የሚመጣው ወረቀት ሲመጣ ነው፤ ዲክላራሲዮን ሲሞላ፣ የሰሊጥ ውል ሲነበብ፣ የእርዳታ ድርጅት ስብሰባ ሲጠራ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ የብዙ አገር ዜጎች በዚህ በር ገብተዋል፤ ኩመርና አውላላ ላይም የስደተኞች መጠለያዎች ተከፍተው ነበር። አስተርጓሚ፣ መዝጋቢ፣ ሾፌር ወይም የመጋዘን ሠራተኛ ሆኖ ለሚሠራ ሰው እንግሊዝኛ በድንገት የዕለት ሥራ መሣሪያ ሆነ። ይህ ሠራተኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሯል፤ ማንበብ አይቸግረውም። ሲናገር ግን ዓረፍተ ነገሮቹ እንደ ፈሰሰ ሰሊጥ ናቸው። እያንዳንዱ ፍሬ ደህና ነው፤ አንድ ላይ የሚይዘው ጆንያ የለም።

ደግነቱ የድንበር ሰው ማያያዣ የመልመድን ሥራ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሠርቶታል። ጋላባት ወጥተው ገብተው ዐረብኛ የለመዱ ከሆነ «ላኪን»፣ «ዓሻን»፣ «ያኒ»፣ «ባዕዴን» የሚሉትን ቃላት ማን አስተማረዎት? ማንም ዝርዝር ጽፎ አልሰጠዎትም። ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ከነጋዴ ጋር በዋጋ ሲከራከሩ፣ ቃሉን ከነዜማውና ከነቦታው ያዙት። እንግሊዝኛውንም በዚያው መንገድ መያዝ ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች መንገዱን ለማሳጠር ናቸው።

1. ስድስት ቃል ይያዙ፣ ሌላውን ለደብዳቤ ይተዉ

«ኤንድ» (እና)፣ «ባት» (ግን)፣ «ሶ» (ስለዚህ)፣ «ቢኮዝ» (ምክንያቱም)፣ «ዜን» (ከዚያ)፣ «ኢፍ» (ከሆነ)። በሥራ ቦታ ለሚደረግ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ይበቃሉ።

ትምህርት ቤት ለፈተና ያጠናናቸው «ፈርዘርሞር»፣ «ሞርኦቨር»፣ «ኔቨርዘለስ» ስህተት የለባቸውም፤ ቦታቸው ሪፖርትና ማመልከቻ ነው። ሻይ እየጠጡ «ፈርዘርሞር» ማለት በመተማ የሚያዝያ ሙቀት ካቦርት ደርቦ እንደ መውጣት ነው። ልብሱ ጥሩ ነው፣ ሰው ግን ዞር ብሎ ያያል። «ሀውኤቨር»ም እንዲሁ ነው፤ ሲጽፉ «ሀውኤቨር»፣ ሲናገሩ «ባት» ይበሉ።

ሌላም ምክንያት አለ። እዚህ እንግሊዝኛ የሚያናግርዎት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዛዊ አይደለም። ሱዳናዊ ሐኪም፣ ኬንያዊ የሎጂስቲክስ ሠራተኛ ወይም ሕንዳዊ ገዢ ሊሆን ይችላል። ለእሱም ቋንቋው በትምህርት የመጣ ነው፤ አጭሯ ቃል ሁለታችሁንም ታግዛለች።

2. ዕረፍቱን ከቃሉ በፊት ያድርጉ

ይህን የሚያስተምር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም፤ ለጆሮ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ይህ ነው። በአማርኛ ማያያዣው ብዙ ጊዜ ካለፈው ሐሳብ ጋር ይለጠፋል፣ ትንፋሽ የምንወስደውም ከእሱ በኋላ ነው፦ «ወረቀቱ ስላልደረሰ… መኪናው ቆሟል።» በእንግሊዝኛ ማያያዣው የሚመጣው ሐሳብ ራስ ነው። ትንፋሹ ከእሱ በፊት ይወሰድና ቃሉ ከተከታዩ ጋር ሳይቆረጥ ይሮጣል፦ «ዘ ትራክ ኢዝ ዌይቲንግ… ቢኮዝ ዘ ፔፐርስ አርንት ሬዲ።»

የእኛ ሰው «ዘ ትራክ ኢዝ ዌይቲንግ ቢኮዝ…» ብሎ ያቆማል። አድማጩ ምክንያቱ የጠፋው ሰው ያገኘ ይመስለዋል። «ባት»ንም በጥንካሬ ረግጠን እናቆማለን፤ ጠብ የጀመርን ያስመስለናል። ቃሏን ቀለል አድርገው ያሳልፏት። ፈጥነው ሲናገሩ «ኤንድ» «እን» ትሆናለች፣ «ቢኮዝ»ም «ከዝ» ብቻ ትቀራለች። እርስዎ ማሳጠር የለብዎትም፤ ሌላው ሲያሳጥር ግን ጆሮዎ ሊይዘው ይገባል።

3. መልሱን ያስቀድሙ

አማርኛ ምክንያቱን አስቀድሞ ውጤቱን ያስከትላል፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ አድማጩ እስከዚያ ይጠብቃል። ጨዋነትም አለበት፤ «አልደረሰም» ብሎ ከመጀመር ጎማው እንዴት እንደፈነዳ፣ መለዋወጫው ከየት እንደመጣ መተረክ ይቀላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አድማጭ መጀመሪያ የሚጠብቀው መልሱን ነው። «ለምን ዘገየ?» ብሎ ጠይቆ ከአይከል ቁልቁለት የሚጀምር ታሪክ ሲሰማ፣ የሚደበቅ ነገር ያለ ይመስለዋል። «ኢት ኢዝ ሌት ቢኮዝ ኤ ታየር በርስት» ብለው ይመልሱ፤ ዝርዝሩን ከፈለገ ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ አማርኛም ለዚህ መንገድ አለው፤ «ምክንያቱም» ውጤቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል። «ቢኮዝ» ሲያስቡ «ስለ–»ን ትተው «ምክንያቱም»ን ያስቡ፤ ቅደም ተከተሉ በራሱ ይስተካከላል።

4. ለአንድ ጭነት አንድ ገመድ

በአማርኛ «ምንም እንኳን ቢዘንብም ግን ሄድን» ቢሉ የሚስቅብዎት የለም። ሁለቱም ወገን ታስሯል። እንግሊዝኛ አንድ ቋጠሮ ብቻ ይፈቅዳል። «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ ባት ዊ ዌንት» አይባልም። ወይ «ኦልዞው» ይቅር ወይ «ባት» ይቅር። በንግግር «ኦልዞው»ን ይጣሉ፦ «ኢት ሬይንድ፣ ባት ዊ ዌንት።»

«ቢኮዝ» እና «ሶ»ም አብረው አይገቡም። «ቢኮዝ ዘ ብሪጅ ኢዝ ክሎዝድ፣ ሶ ዊ ዌይት» ከሚሉ «ዘ ብሪጅ ኢዝ ክሎዝድ፣ ሶ ዊ አር ዌይቲንግ» ይበሉ። «ኢፍ» እና «ዜን» ግን አብረው ቢመጡ ችግር የለም።

5. «ደግሞ» ሁልጊዜ «ኦልሶ» አይደለም

ወዳጄ የወደቀበት ጉድጓድ ይህ ነው። የአማርኛው «ደግሞ» ብዙ መልክ አለው። አንዳንዴ ይጨምራል፦ «ሰሊጥ አለን፣ ማሽላ ደግሞ አለን።» አንዳንዴ ያነጻጽራል፦ «እሱ ገባ፣ እኔ ደግሞ ቀረሁ።» አንዳንዴ ይማረራል፦ «ደግሞ መጣህ?» «ኦልሶ» የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው «ባት» ወይም «ኤንድ» ነው። ሦስተኛው «አጌን» ነው።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። «ደግሞ»ን አውጥተው በቦታው «–ም» ያስገቡ። «ማሽላም አለን» ብንል ትርጉሙ አልተለወጠም፤ ስለዚህ «ኦልሶ» ይሆናል። «ሦስተኛውም ቀረ» ብንል ግን ሌሎቹም የቀሩ ይመስላል፤ ስለዚህ «ኦልሶ» አይሆንም። «ባት ዘ ሰርድ ዋን ስቴይድ» ማለት ነው።

«–ስ»ንም እዚሁ ላንሳው። «ወረቀቱስ?» ለማለት ረጅም ጥያቄ ፍለጋ አይድከሙ። «ኤንድ ዘ ፔፐርስ?» ብሎ ድምፅን ወደ ላይ ማንሳት ይበቃል።

6. «እስካል–» እና «ካል–»

«እስካልተፈረመ ድረስ አያልፍም» የዕለት ተዕለት ንግግራችን ነው። ቃል በቃል ሲሄድ «አንቲል ኢት ኢዝ ኖት ሳይንድ» ይሆንና ነገሩ ይገለበጣል። በአማርኛ ራሱ «እስኪፈረም አያልፍም» ማለት እንችላለን፤ «አንቲል» የእሱ ወንድም ነው። ስለዚህ «ኢት ካንት ፓስ አንቲል ኢት ኢዝ ሳይንድ»፣ ያለ «ኖት»።

«አንለስ» ደግሞ «ካል–» ነው፤ አሉታውን በሆዱ ይዞ ይመጣል። «ካልከፈለ አይጫንም» ለማለት «ዊ ካንት ሎድ አንለስ ሂ ፔይስ» ይበቃል። «አንለስ ሂ ደዝንት ፔይ» ካሉ «ከከፈለ አይጫንም» ብለዋል። በንግድ ንግግር ላይ ይህ ስህተት ገንዘብ ያስወጣል፤ ጥርጣሬ ካለዎት «አንለስ»ን ትተው «ኢፍ ሂ ደዝንት ፔይ፣ ዊ ካንት ሎድ» ይበሉ።

7. ሥራን በቅደም ተከተል ሲናገሩ

«ማልጄ ተነስቼ፣ ቁርስ በልቼ፣ ጉምሩክ ሄጄ፣ ወረቀቱን አስፈርሜ መጣሁ።» አምስት ድርጊቶች ያለ አንድ «እና» ተያያዙ፤ ይህ የአማርኛ ጌጥ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ጌጡን እናጣና በየመሃሉ «ኤንድ ዜን፣ አፍተር ዛት፣ ኤንድ ዜን» እንሰነቅራለን። ድርጊቶቹን ዝም ብለው ደርድረው ከመጨረሻው በፊት ብቻ «ኤንድ» ያስገቡ። ከአራት በላይ ከሆኑ ዓረፍተ ነገሩን ቆርጠው አዲሱን በ«ዜን» ይጀምሩ።

8. የጨዋታ ቃላት

እነዚህ ከሐሳብ ይልቅ ሰውን ከሰው የሚያያይዙ ናቸው። በአማርኛ «እንግዲህ»፣ «ለነገሩ»፣ «ይልቅ»፣ «በል እሺ» የምንላቸው ዓይነት።

«ዌል» እንቢታን ያለሰልሳል። «ነገ ታደርሳለህ?» ሲባሉ በቀጥታ «ኖ» ከማለት «ዌል፣ ቱሞሮው ኢዝ ዲፊከልት» ቢሉ እንደ «እንግዲህ፣ ነገ እንኳን ይከብዳል» ነው።

«አይ ሚን» «ማለቴ» ነው፤ የድንበር ሰው «ያኒ» የሚላት። የተናገሩት ሲበላሽ ከመሸማቀቅ «አይ ሚን» ብለው ያስተካክሉ። ማንም አይታዘብዎትም።

«ባይ ዘ ዌይ» «በነገራችን ላይ»፣ «ኤኒዌይ» ደግሞ «ይልቅ» ወይም «በል እሺ እንግዲህ» ነው። በተለይ ስልክ ለመዝጋት «ኤኒዌይ»ን ይያዙ። የውጭ ሰው «ኤኒዌይ…» ብሎ ካንጠለጠለ ጨዋታው አልቋል፤ ሌላ ርዕስ አይክፈቱ።

ሁለት ቃላት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «አክቿሊ» ያለው ሰው የሌላውን ግምት እያረመ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ ካስገቡት ሰውየውን ስትሳሳት ነው የምትውለው ያሉት ይመስላል። «ኦፍ ኮርስ»ም ሁልጊዜ የእኛ «በእርግጥ» አይደለም። «ቢሮው ነገ ክፍት ነው?» ለሚል ጥያቄ «ኦፍ ኮርስ» ብለው ከመለሱ፣ «ይህንንም አታውቅም እንዴ?» የሚል ቃና ይሰማበታል። «የስ፣ ኢት ኢዝ» በቂ ነው። ርዳታ ሲጠየቁ ግን «ኦፍ ኮርስ» ያማረ መልስ ነው።

ከሁሉም በላይ ለሥራ የሚጠቅመው የ«ሶ» ሌላ አገልግሎት ነው። የሰሙትን መልሰው ለማረጋገጥ ይጠቀሙበት፦ «ሶ፣ ስሪ ትራክስ፣ ቱሞሮው ሞርኒንግ?» ይህ «ሦስት መኪና፣ ነገ ጠዋት ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያልገባዎትን እንደገባዎት አድርገው ከማለፍ ያድናል።

9. እንዴት ይለማመዱ?

በሳምንት አንድ ቃል። ከዚያ በላይ አይሞክሩ። ሰኞ «ሶ»ን ከመረጡ እስከ እሑድ የሚሰሙትን ሁሉ «ሶ» በትንሽ ደብተር ይጻፉ፤ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ካለው ሐሳብ ጋር።

ለመስማት ዜና አይምረጡ። ዜና አንባቢ የተጻፈ ያነባል፤ ማያያዣዎቹም የጽሑፍ ናቸው። ሁለት ሰዎች የሚጨዋወቱበትን ይፈልጉ። የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» በስሙ ልክ ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ የሁለት ሰዎች ውይይት ነው። ቆላው ላይ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ያውቃሉና ሲገኝ አውርደው ያስቀምጡ። መጀመሪያ ለትርጉሙ፣ ቀጥሎ ለማያያዣው፣ ሦስተኛ ጊዜ አብረው እየተናገሩ ያዳምጡ።

ከሥራ ባልደረባ ጋር ደግሞ የቅብብሎሽ ጨዋታ ይጫወቱ። አንዱ «ኢት ኢዝ ሆት» ይላል። ሌላው በ«ሶ» ይቀበላል፦ «ሶ ዊ ስታርት ኧርሊ።» የመጀመሪያው በ«ባት» ይመልሳል፦ «ባት ዘ ሎደርስ አር ኖት ሂር።» ሌላው «ቢኮዝ…» ይላል። የተደናቀፈ ሻይ ይከፍላል። መኪና ሲጫን ቆሞ በመጠበቅ ከሚባክነው ሰዓት አሥር ደቂቃው ይበቃል።

ሰው ሲናገር ማያያዣው ላይ ጆሮዎን ይጣሉ። «ባት» ሲሰሙ ዋናው ነገር ገና ከኋላ እየመጣ ነው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ዩር ኤክስፒሪየንስ ኢዝ ጉድ፣ ባት…» ከተባሉ ለምስጋናው ሳይሆን ለሚቀጥለው ይዘጋጁ።

መጨረሻ ላይ ስልክዎን የድምፅ መቅጃ አድርገው የዛሬውን ሥራ አንድ ደቂቃ በእንግሊዝኛ ይተርኩ። ሲያዳምጡት ሦስት ነገር ብቻ ይቁጠሩ፦ ስንት «ኤንድ» አለ፣ ከ«ቢኮዝ» በኋላ ስንት ጊዜ ቆሙ፣ «ኦልሶ» ያሉት የት ነው። ዛሬ ማታ ይቅዱ፤ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡትና ከወር በኋላ በሌላ ቅጂ አጠገብ ያዳምጡት።